ዘሐራን «ተሳስተሻል» ያልኳት ዕለት

ይህን እናቴ አታውቀውም። ሚስቴም አታውቀውም። ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ ትከሻ ለትከሻ የምንሄደው ጓደኛዬ፣ ሌላውን ገበናዬን ሁሉ የሚያውቀው፣ ይህችን ብቻ አያውቃትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁን አላየውም፤ ፊቴን አታዩትም። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ፈሪ ሰው መናዘዝ ሲያምረው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ሰው አልገደልኩም። የሰው ቤት ሰብሬ አልገባሁም። አንዲት ሴት የፊዚክስ የቤት ሥራዋን በትክክል ሠርታ አሳየችኝ፤ እኔ ልክ መሆኑን እያወቅኩ «ተሳስተሻል» አልኳት። ይኸው ነው። «ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትንጨረጨረው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስንት ዓመት ራሴን እንዲሁ እያልኩ ሳባብል ኖሬያለሁ። ታዲያ ትንሽ ከሆነ ለምን አይተወኝም? ለምን ያ ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር እሳት የረገጥኩ ይመስል ክፍል ውስጥ መቆም ያቅተኛል? አዎ፣ ዛሬ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህንም ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ ስትደርሱበት ከምትስቁ።

ቅደም ተከተሉን ልያዝ። ካልያዝኩት ማምለጤ ነው።

ሐይቅ ከተማ አስራ አንደኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ጥቁር ቦርሳ አንጠልጥላ፣ የወርቅ ቀለበት አድርጋ ወደ ክፍላችን ስትገባ መምህር መስላን ሁላችንም ብድግ አልን። እሷ ግን እየሳቀች በመካከላችን አለፈችና «ተቀመጡ ልጆች፣ እኔም እንደናንተው ልማር ነው የመጣሁ» ብላ ከኋላ ወንበር ያዘች። ዘሐራ ናት። ቤታቸው ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አስረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ ለእናቷ ቤት አሠርታ፣ ትምህርቷን ካቆመችበት ልትቀጥል የተመለሰች ነበረች። ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች።

በሳምንቱ «ማዳም» የሚል ስም ወጣላት። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስትሰማ ትቀየማለች ብለን ስንጠብቅ እሷ እቴ! «ዐረብ አገር ሳለሁ ማዳም፣ ማዳም ስል የምውል እኔ ነበርኩ። ዛሬ ተራው ደርሶኝ ተባልኩ፤ አልሐምዱሊላህ» አለችና ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። ስድቡ እዚያው ሞተ፤ ስሙ ግን ቀረ።

ያኔ ትምህርት ቤታችን ተማሪውን አንድ ለአምስት ያደራጅ ነበር፤ ጎበዙ ደከም ያሉትን ይዞ እንዲያስጠና። እኔ ሰቃይ ነኝ። በፊዚክስ የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ወይም አልነበረም ብዬ አምን ነበር። ዘሐራ የኔ ቡድን ውስጥ ተመደበች። ሌሎቹ ሦስቱ የቤት ሥራ የሚሠሩት ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ደብተሬን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነው። እሷ ግን እንድትገለብጥ ስሰጣት እምቢ አለች። «ገልብጬ ምን ልሆን? አስረዳኝ» አለች።

ስለዚህ ማስረዳት ጀመርኩ። ከትምህርት በኋላ ወደ ሐይቁ እንወርድና ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን የሚያሰጡበት አጠገብ እንቀመጣለን። የተጀመረው በኤሌክትሪክ ነበር። ሁለት አምፖል ተከታትሎ በአንድ ሽቦ ላይ ተቀጥሏል እንበል። እሷ «እና ይኸ ከረንት የሚሉትን የፊተኛው አምፖል ከጠጣው በኋላ ለኋለኛው ምን ይተርፈዋል?» ትለኛለች። አይጠጣውም እላታለሁ። በጠባብ በር እንደሚያልፍ ሰልፍ ነው፤ በዚህ የገባው ሰው ሁሉ በዚያ ይወጣል፤ በሩ ሰው አይበላም እላታለሁ። ብዙ ቀን አልዋጥላት አለ። አንድ ቀን በድንገት «ሸጋ! ገባኝ! ወላሂ ገባኝ!» ብላ ስትነሳ አስጋሪዎቹ ምን አገኛት ብለው ዞሩ።

ያን ቀን ደስ ያለኝን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። እውነት ነው፤ ይህም የኑዛዜው አካል ነው። «ኡስታዝ» ትለኝ ጀመር። መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ግን ከልቧ። ዐረብ አገር ኖራ የመጣች ትልቅ ሴት እኔን፣ ጢሙ ያልበቀለውን፣ ኡስታዝ ስትለኝ ደረቴ ያብጥ ነበር። ትሳሳታለች፣ አርማታለሁ። እንደገና ትሳሳታለች፣ እንደገና አርማታለሁ። ለዘለዓለሙ እንዲሁ ቢቀጥል ምን ነበረበት? ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ አሁን ሳስበው ግን የፈለግሁት እሱን ይመስለኛል።

እሷ ግን የሚጠብቃት ነገር ነበረ። አልደበቀችኝም። ጅዳ ያለችው እህቷ አዲስ ቪዛ ጨርሳላታለች። እናቷ «ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከሕፃን ጋር» ይሏታል። እሷ እስከ መንፈቅ ዓመቱ ፈተና ጊዜ ስጡኝ ብላ አስማምታለች። «ሌላው አላሳሰበኝም፤ ፊዚክሱን ከቻልኩት እቀራለሁ፣ ካልቻልኩት እሄዳለሁ» አለችኝ። ለምን ፊዚክስ እንደሆነ ስጠይቃት ክንዷን አሳየችኝ። ጅዳ ደረጃ ላይ ወድቃ ተሰብራ ነበር። ሐኪም ቤት ራጅ ያነሳቻት ሴት ሱዳናዊት ናት፤ እጇን በቀስታ እያስተካከለች «አብሽሪ እህቴ፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ አያምሽም» አለቻት። «እኔም እንደሷ መሆን ነው የምፈልግ» አለች ዘሐራ። «ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ለፈራ ሰው አብሽሪ የምል።»

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሳላውቅ አደረግሁት እንዳትሉልኝ።

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ ስለሚሽከረከሩ ነገሮች ጀመርን። መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጠን፤ ደብተር ሰብስቦ ማርክ ሊይዝበት። በጉድጓድ ላይ ውሃ እንደሚቀዳበት ዓይነት የሚሽከረከር ክብ እንጨት አለ። ገመድ ተጠምጥሞበታል። በገመዱ ጫፍ ባልዲ ተንጠልጥሏል። ባልዲው ሲለቀቅ እንጨቱን እያሽከረከረ ይወርዳል። ፍጥነቱ በምን ያህል እየጨመረ ይሄዳል? እኔ ገመዱ እንጨቱን የሚጎትተው በባልዲው ሙሉ ክብደት ነው ብዬ ያዝኩና ቶሎ ጨረስኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ዘሐራ ደብተሯን ገልጣ አስቀመጠችልኝ። ሳትጠይቀኝ፣ ብቻዋን ሠርታ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ለባልዲው አንድ ቀመር፣ ለእንጨቱ አንድ ቀመር ጽፋ ሁለቱን አገናኝታቸዋለች። ጽሑፏ የተንጋደደ ነው፤ ስርዝ ድልዝ ሞልቶታል። ማረም የለመደውን ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

«አየህ ኡስታዝ» አለች፣ «ገመዱ የባልዲውን ክብደት ሙሉ በሙሉ ከያዘውማ ባልዲው መች ይፈጥናል? እየፈጠነ የሚወርደው ገመዱ ትንሽ ስለለቀቀለት ነው። እና ጉተታው ከክብደቱ ያንሳል ብዬ ሠራሁት። ተሳስቼ እንደሁ እንጃ።»

ንግግሯን ሳትጨርስ ነው የገባኝ። ልክ ናት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እስኪ ምን ነበረበት? «ዘሐራ፣ በለጥሽኝ» ብል ምን እሆን ነበር? ትስቅ ነበር። ትነሳና ያን «ሸጋ!» የሚለውን ጩኸቷን ትጮህ ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አይቼ፣ መርጬ ነው የረገጥኩት።

«ተሳስተሻል» አልኳት።

«እንዴ? የቱ ጋ?»

«ገመዱ የሚጎትተው በባልዲው ክብደት ነው። አለቀ። ሌላ ፍልስፍና አታምጪብኝ።»

ባልዲው፣ ገመዱ፣ አለችና ጀመረች፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት። ሰው ውሸቱን ሲያውቅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ከዚያ ቀን ወዲህ በራሴም በሌላም ሰው ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጨረሻ «አንተ ታውቃለህ» ብላ ላጲሷን አወጣች። ከላይ እስከ ታች አጠፋችው። የላጲሱን ፍርፋሪ በትንፋሿ እፍ ስትለው ሸሚዜ፣ እጄ፣ ሁሉ ነገሬ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ከዚያም የኔን ስህተት በጥንቃቄ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፏ ገለበጠች።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ያደረግሁት ግን በዚህ አላበቃም። ቤቴ ገብቼ የራሴን አጠፋሁና የሷን ጻፍኩ። ሁለቱን ቀመር፣ ማገናኘቱን፣ መልሱን። ጠዋት በር ላይ እነዚያ ሦስቱ እንደልማዳቸው ከኔ ገለበጡ። መምህሩ ደብተር ሲመልስ ቡድናችን በሙሉ ማርኩን አግኝቷል፤ ከዘሐራ በቀር። እሷ ደብተር ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ኤክስ ተሰምሯል።

ደብተሯን ይዛ መጣች። «ኡስታዝ፣ አንተ ያልከኝን እኮ ነው የጻፍኩት» አለች። እኔም «ስትገለብጪ የሆነ ነገር ስተሻል» አልኳት። የሌሎቹን ደብተር ጠይቃ ብታይ ኖሮ ታገኘኝ ነበር። አላየችም። ስላመነችኝ አላየችም። ገጹን ብዙ ስታየው ቆየች፤ የሳተችው ነገር አይገኝማ፣ ምን ይገኛል? ቀስ ብላ «የሚገለበጠውንም መገልበጥ አቃተኝ ማለት ነው» አለች። ለራሷ ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ እርሳስ አታነሳም ነበር። እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ታያለች። የሚመጣላትን ሐሳብ ግማሹን ጀምራ «ተወው፣ ተሳስቼ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ፈተናው ሲቃረብ «በአላህ ይሁንብህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኔ ይኸ ነገር ይሆንልኛል ወይስ ሰው እያደከምኩ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ ሁለተኛ ዕድል ማለት ይህ አልነበረም? አላህ በሩን ከፍቶ ግባ ሲለኝ አይደለም? እኔ ግን ቀይ ኤክሱን አሰብኩ። አሁን ብነግራት ሁሉም ይወጣል፤ የገለበጥኩት፣ የዋሸሁት፣ ሁሉም። ራሴን አስቀደምኩ። «ይከብድሻል» አልኳት።

አላለቀሰችም። «ጀዛከላህ፣ እንዲህ የሚነግር ሰው ነው የጠፋ» አለች። ለፈተናው ሳትቀመጥ ቪዛዋን ተቀበለች።

በኛ ዘንድ ለሩቅ መንገድ የሚነሳ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ አውፍ፣ ይቅር ይባባላል። መንገድ ነው፣ ሞትም አለ፤ የሰው ሐቅ በአንገት ታስሮ አይኬድም። ዘሐራም ከመሄዷ በፊት እኛ ቤት መጣች። እናቴ መረቀቻት። ወደ እኔ ዞራ «ኡስታዝ፣ ብዙ አድክሜሃለሁ፤ አውፍ በለኝ» አለች። አስቡት። እሷ እኔን።

«አውፍ ብያለሁ» አልኩ። ደንቡ ነውና ቀጥዬ «አንቺም አውፍ በይኝ» አልኳት። ሁሉም ሰው እንደሚለው፣ ቶሎ ብዬ፣ ዓይኗን ሳላይ።

ሳቀች። «አንተ ደግሞ ምን አጥፍተህ? ይሁን፣ ለዱንያም ለአኺራም አውፍ ብዬሃለሁ።»

በዚህች ቃል ነው ስንት ዓመት የኖርኩት። ሌሊት ሲመጣብኝ፣ በጁምዓ ኹጥባ ኢማሙ «የራሱን ሐቅ አላህ ሊምር ይችላል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ እስካልማረ አይምርም» ሲሉ፣ እኔ በልቤ «ምራኛለች እኮ፣ ለአኺራም ብላለች» እላለሁ። ግን ምን እንደሆነ ሳታውቅ የማረችኝ ምሕረት ነው ወይ? የተዘጋ ዕቃ አስይዣት «በይ ስጪኝ» ያልኳት አይደለም ወይ? ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ ወደዚሁ አገሬ ተመልሼ ፊዚክስ አስተማሪ ሆንኩ። ልጆች እጃቸውን አውጥተው «መምህር፣ ገመዱ የሚጎትተው በባልዲው ሙሉ ክብደት አይደለም?» ሲሉኝ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ፊቴን እንዳያዩት ነው።

ዘሐራ ጅዳ ናት። እስከ ዛሬ የሰው ቤት ትሠራለች። ለዒድ፣ ለአረፋ በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች፤ እስከ ዛሬ ኡስታዝ ነኝ። ዘንድሮ ለረመዳኑ ዒድ የላከችው ግን አላስቀመጠኝም። የእህቷ ልጅ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ገብታለች። «ወዳንተ ልኬያታለሁ» አለች። «እሱ ይሆንልሻል ካለሽ ተማሪ፣ ይከብድሻል ካለሽ ጊዜሽን አታቃጥዪ፣ እኔን በጊዜው ነግሮ ከስንት ድካም አድኖኛል ብያታለሁ።»

ልጅቷ በማግስቱ መጣች። ደብተሯን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ይህችም አምናኝ አገር ለቃ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ነው በእጄ ያለው ሥልጣን ያስፈራኝ። «ነገ ነይ» ብዬ መለስኳት።

ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስወጣ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ወረድኩና ስልኬን ከፈትኩ። ሁሉንም በድምፅ ነገርኳት። ልክ ነበርሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልክ መሆንሽን እያወቅኩ ተሳስተሻል አልኩሽ፤ ያንቺን ገልብጬ ማርክ አገኘሁበት፤ ስትጠይቂኝ ይከብድሻል አልኩሽ። አውፍ በይኝ አላልኩም። ያኔ ሳታውቂ የሰጠሽኝን ግን አልቆጥረውም አልኳት። ልጅ ነበርኩ አላልኩም። ልል ስጀምር ምላሴን ነከስኩት።

መልሷ ያመጣብኛል ብዬ የፈራሁት እርግማን ነበር። ወይም፣ እሷን ስለማውቃት፣ «ያለፈ አለፈ» የሚል። ወደ ማታ ላይ መጣ፤ አጭር ነው። ከኋላዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ድምፅዋ ላይ ቁጣም ለቅሶም የለበትም። የቤት ሥራ ስትጠይቀኝ የነበረው ድምፅዋ ነው።

«ሰማሁህ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያኔ ተሳስተሻል ያልከኝ ብዙ ነው። እኔ ደግሞ እስካሁን የሆነ ነገር ሳስብ ተሳስቼ ነው እያልኩ ነው የምተወው። ከነዚያ ሁሉ ውስጥ እውነት የተሳሳትኩት የትኛው ነው?»

ወዲያው «ያልተሳሳትሽው ያቺ አንዷ ብቻ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሳልልከው አጠፋሁት። አንዷ ብቻ ናት? የአምፖሉን አውቃለሁ፤ እሱን ተሳስታ ነበር። ሌሎቹንስ? ጀምራ «ተወው» ያለችውን ሐሳብ ስንቱን እስከ መጨረሻው ሰምቼው ነበር? ኡስታዝ መባሉ ጥሞኝ፣ ሳላነብ ጣቴን ያሳረፍኩበት ገጽ ስንት ነው? ቁጭ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ተነሳሁ፤ እንደገና ቁጭ አልኩ። አላስታውስም። ቀናት አለፉ። የእህቷን ልጅ ማስጠናት ጀምሬያለሁ፤ የጻፈችውን እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ አፌን አልከፍትም። ለዘሐራ ግን እስካሁን አልመለስኩላትም። እናንተም አውፍ እንዳትሉኝ፤ እሷ የጠየቀችኝን እኔ አላውቀውም።